ጽሑፍ የሚሮጥበት ኤልኢዲ ታፔላ ልግዛ ወይ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሱቅ መክፈት ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ መልስ ስጀምር ረዘመብኝና ተውኩት፣ ዛሬ ሰኞ እኛ ጋ ዝግ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ላላያችሁት፣ እህታችን ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ፕላዛ (የሱቆች ግቢ) ውስጥ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ ልትከፍት ነው፣ ኦንላይን ጽሑፍ የሚሮጥበት ኤልኢዲ ቦርድ በ1,900 ዶላር አግኝታለች፣ ላንድሎርዱ (አከራይዋ) በስልክ ችግር የለውም ብሏታል፣ ጎረቤቷ ያለው የጥፍር ቤትም እንደዚያ ዓይነት ሰቅሏል፣ እና ልግዛው ወይ ነው ያለችው።

እስካሁን ካርድሽን ካላስገባሽ አታስገቢ። ከታች "ግዢው ምንም አይሉሽም" ያሉሽ ልጆች ቅንነታቸው ይገባኛል፣ ግን ሕግ ጥሰሻል የሚል ደብዳቤ ቢመጣ የሚመጣው ለእነሱ አይደለም።

እኔ በፈረንጆቹ 2016 ነው የገዛሁት (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። ያኔ ሬስቶራንቱን ከከፈትን ዓመት አልሞላንም፣ መንገዱ ላይ መኪና ይተላለፋል ግን ማንም አያየንም፣ ፕላዛው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። የእህቴ ልጅ ቴክኖሎጂ ያውቃል ይባላል፣ እሱ ነው ያገኘው፣ ፒ10 የሚባሉት ፓነሎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 32 በ16 ሳንቲሜትር፣ 12ቱን ገጣጥሞ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቦርድ ሠራልኝ። እሁድ ከሰዓት መሰላል ተውሰን ከበሩ በላይ በብሎን መታነው፣ ገመዱን በመስኮት አስገብተን ኤክስቴንሽን ላይ ሰካነው። ማታ ሲበራ በቀይ "እንኳን ደህና መጡ፣ ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ቡና" እያለ ሲሮጥ ደንበኛው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ቀረጸው። ሦስት ሳምንት ነገስን በቃ።

ከዚያ በሪኮማንዴ ደብዳቤ መጣ። የዞኒንግ ቫዮሌሽን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ላይ ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነውን የአካባቢ ሕግ ጥሰሃል የሚል። የትኛው ካውንቲ ወይ ከተማ እንደሆነ አልጠቅስም፣ ጥፋቱም የኔ ስለነበረ ሰው ማማት አልፈልግም። ከፓርኪንጉ ማዶ አፓርታማ አለ፣ አንዲት ነዋሪ ቀዩ ብርሃን መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሲሄድ ያድራል ብላ ነው የደወለችው። እኔ እሷን ብሆን እኔም እደውል ነበር። ኢንስፔክተሩ መጥቶ ሲያይ ግን ነገሩ ብርሃኑ ብቻ አልሆነም፣ የታፔላ ፐርሚት (ፈቃድ) የለኝም፣ የኤሌክትሪክ ፐርሚት የለኝም፣ የሚሮጥ ጽሑፍ እዚያ ሰፈር ጭራሽ ክልክል ነው፣ ቦርዱ ደግሞ የዩኤል ማርክ፣ ማለትም የአሜሪካ የደህንነት ፍተሻ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት፣ የለውም። ጀርባው ላይ ሲኢ የሚል አለ አልኩት፣ እሱ የአውሮፓ ነው አለኝ ሳይቆጣ።

እንግዲህ እኔ ያኔ ያልገባኝ ነገር ምን መሰለሽ፣ ፈቃዱ የቦርዱ ወይም የቢዝነሱ አይደለም፣ የአድራሻው ነው። አንድ ዓይነት ቦርድ መንገድ ተሻግሮ ይፈቀዳል፣ አንቺ ጋ አይፈቀድም። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ሱቅሽ በማን ሥር እንደሆነ ነው፣ ይሄ ደግሞ ቨርጂኒያ ላይ ከሌላው ስቴት ይበልጥ ያምታታል፣ ምክንያቱም እዚህ ሲቲው ከካውንቲው ውስጥ አይደለም፣ ለብቻው ነው። ፖስታሽ ላይ "አሌክሳንድሪያ" ስላለ የአሌክሳንድሪያ ሲቲ ነሽ ማለት አይደለም፣ ያንን አድራሻ ይዞ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ያለ ሱቅ ስንት አለ። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያሉት ሐበሾች ደግሞ አድራሻቸው "ፎልስ ቸርች" ይላል ግን ካውንቲ ናቸው። ቪየናና ኸርንደን ደግሞ ካውንቲው ውስጥ ሆነው የራሳቸው የታውን ዞኒንግ አላቸው። አንድ ወዳጄ የተሳሳተው ቢሮ ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰልፎ "እርስዎ የኛ አይደሉም" ተብሎ ተመልሷል። አድራሻሽን ይዘሽ የዞኒንግ ቢሮው ዌብሳይት ላይ ካርታው ውስጥ ብታስገቢው ዞንሽን ይነግርሻል፣ ካልሆነም ደውዪላቸው፣ ቢሮው ውስጥ ያሉት ሰዎች እኮ ከምንፈራቸው በላይ ጥሩዎች ናቸው፣ ሳይሠራ ለሚጠይቅ ሰው ደስ ብሏቸው ነው የሚያስረዱት።

ስትጠይቂ "ኤልኢዲ ይፈቀዳል?" ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ኤልኢዲ መሆኑ አይደለም ጉዳዩ። ከውስጥ በኤልኢዲ የሚበራ የማይንቀሳቀስ ፊደል አብዛኛው ቦታ ይፈቀዳል። ችግሩ የሚቀያየረው ነው። የሚቀያየር ይፈቀዳል ወይ፣ ከተፈቀደ በስንት ሰከንድ ነው የሚቀያየረው፣ ማታ ስንት ነው ብርሃኑ፣ ግድግዳ ላይ ነው ወይስ መንገድ ዳር የቆመው ላይ ብቻ፣ ስፋቱ ከስንት ስኩዌር ፊት አይበልጥም፣ እነዚህን ጠይቂ። አንድ መልእክት ሳይቀየር መቆየት ያለበት ብዙ ቦታ የምትሰሚው 8 ሰከንድ ነው። ከየት መጣ ብትዪ፣ የፌዴራል ሃይዌይ መሥሪያ ቤት በ2007 ለትልልቆቹ የመንገድ ዳር ቢልቦርዶች ባወጣው መመሪያ ከ4 እስከ 10 ሰከንድ፣ ይመረጣል 8 ብሎ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ከተማና ካውንቲ ለሱቅ ታፔላም ያንኑ ቁጥር ወሰደው። መሮጥ፣ ብልጭ ድርግም፣ ቪዲዮ ግን አብዛኛው ቦታ የለም።

እና 8 ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው እስቲ። በሰዓት 35 ማይል የሚነዳ ሰው በሰከንድ 50 ፊት (ጫማ) ያህል ይሄዳል፣ በ8 ሰከንድ 400 ፊት ሄደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ያ ሰውዬ ከሱቅሽ ፊት ሲያልፍ የሚያየው አንድ መልእክት ነው፣ ቢበዛ ሁለት። "እንጀራ" የሚለውን ሳያይ "በርበሬ" ብቻ አይቶ ሊያልፍ ነው። ታዲያ ለአንድ መልእክት ምን ቦርድ ያስፈልጋል፣ ፊደል ማሠራት አይሻልም?

ብርሃኑን በተመለከተ፣ የኔን ነዋሪ ያስቆጣት እሱ ነው። ቀን ፀሐይ ላይ እንዲታይ ቦርዱ 5,000 ኒት (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ ይለቃል፣ ማታ ግን መቶዎቹ ውስጥ መውረድ አለበት። ደህናዎቹ ቦርዶች ሲጨልም ራሱን የሚቀንስ ሴንሰር አላቸው፣ የኔ ርካሹ አልነበረውም፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቀትር ሲበራ ያድር ነበር። አንዳንድ ቦታ የሚለኩት በኒት ሳይሆን በፉት ካንድል ነው (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ)፣ ከአካባቢው ብርሃን ከ0.3 በላይ እንዳይጨምር ይላሉ፣ የሚለኩበት ርቀት ደግሞ የቦርዱ ስኩዌር ፊት በ100 ተባዝቶ የዚያ ስኩዌር ሩት ነው። የኔ ቦርድ 6 ተኩል ስኩዌር ፊት ገደማ ስለነበረ 26 ፊት ያህል ላይ ቆመው ይለኩታል ማለት ነው። ሻጩን "የማታ ብርሃኑ ስንት ኒት ነው፣ ሴንሰር አለው ወይ" ብለሽ ጻፊለት፣ "ቬሪ ብራይት ማዳም" ካለሽ ገብቶሻል።

ላንድሎርዱ በስልክ ችግር የለውም ማለቱ ምንም ማለት አይደለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንደኛ የሱ እሺታ የካውንቲውን አይተካም። ሁለተኛ ፐርሚት ስትጠይቂ የሱን ፊርማ ይፈልጋሉ፣ በስልክ እሺ ያለ ሰው ወረቀት ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ሦስተኛ ፕላዛው የራሱ የታፔላ ፕላን ሊኖረው ይችላል፣ የፊደሉ ቁመት፣ ቀለሙ፣ ሁሉም እንዲመሳሰል ተብሎ የጸደቀ፣ እና ዞኒንጉ ቢፈቅድልሽ እንኳን ፕላኑ ይከለክልሻል። ሊዝሽ (የኪራይ ውልሽ) ላይ ስለ ሳይን፣ ማለትም ስለ ታፔላ፣ የሚለውን ገጽ ሳትፈርሚ አንብቢው፣ መንገድ ዳር ካለው ትልቁ የፕላዛ ታፔላ ላይ አንድ ቦታ እንዲሰጥሽም አሁኑኑ አስገቢበት። ከፈረምሽ በኋላ ያ ቦታ በወር ይከራያል።

የጥፍር ቤቱ ነገር። ሁለት ነው ሊሆን የሚችለው። ወይ ሕጉ ሳይቀየር በፊት በፈቃድ የሰቀለው ነው፣ እንደዚያ ከሆነ በነበረው ይቀጥላል ግን ላንቺ አይተላለፍም። ወይ ደግሞ ማንም አልደወለበትም። ይሄ ሥርዓት ባብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲደውል ነው። እኔም ደብዳቤው ሲመጣ ንዴቴ "ያኛውስ? ያኛውስ?" ነበር፣ ኢንስፔክተሩ በትሕትና "አድራሻቸውን መስጠት ይፈልጋሉ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ጎረቤቴን ከስሼ እዚያ ፕላዛ ውስጥ እንዴት ልውል ነው?

አንዱ ወንድማችን ደግሞ "የመናገር መብት ነው፣ ሱፕሪም ኮርት ወስኗል" ብሎሻል። ልክ ነው ወስኗል፣ ግን ያልወሰነውን ነው የነገረሽ። በ2015 የወጣው የጊልበርት አሪዞና ጉዳይ ነው፣ ፓስተር ክላይድ ሪድ የሚባሉ፣ የራሷ ሕንጻ የሌላት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረቻቸው፣ ከተማው ለአምልኮ የሚጠቁም ምልክትን 6 ስኩዌር ፊት ብቻ ብሎ ለፖለቲካ ደግሞ እስከ 32 ይፈቅድ ነበር። 9ኙም ዳኞች ለቤተ ክርስቲያኗ ፈረዱ። ትርጉሙ፣ ምን እንደሚል አንብቦ መለየት አይቻልም ነው። ስለዚህ "በአማርኛ ስለጻፍሽ" ወይም "ስለ ጥሬ ሥጋ ስለሚያወራ" ሊከለክሉሽ አይችሉም። መጠኑን፣ ብርሃኑን፣ መንቀሳቀሱን፣ ቦታውን ግን ለሁሉም እኩል እስካደረጉት ይችላሉ። በ2022 ደግሞ የኦስቲን ከተማ ጉዳይ ላይ፣ ቢልቦርዳቸውን ወደ ዲጂታል ሊቀይሩ የፈለጉ ካምፓኒዎች ከሰው፣ ከተማው እዚያው ግቢ ስላለው ቢዝነስ የሚናገርን ታፔላና ሌላ ቦታ ስላለ ነገር የሚናገርን መለየቱ በራሱ ይዘትን መለየት አይደለም ተብሎ 6 ለ3 ለከተማው ተወሰነለት። የ1,900 ዶላር ቦርድ ይዞ ከካውንቲ ጋር ሕገ መንግሥት መከራከር ጠበቃው ነው የሚበላበት።

ደብዳቤ ከመጣ፣ አያምጣው፣ ግን ከመጣ ቀኑን እይው። ቨርጂኒያ ላይ የዞኒንግ ውሳኔን ለይግባኝ ቦርዱ ለማቅረብ ያለሽ 30 ቀን ነው፣ ካለፈ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል፣ ትክክል ባይሆንም። እኔ ካሽ ሬጂስተሩ ሥር አስቀምጬው ነው ያገኘሁት በ24ኛው ቀን። ቅጣቱን በተመለከተ የስቴቱ ሕግ ለመጀመሪያው ክስ እስከ 200 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ እስከ 500 ዶላር ይፈቅድላቸዋል፣ ለዚያው ጥፋት ግን በ10 ቀን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይከሱሽም። እኔ አልተቀጣሁም፣ ደውዬ ተሳስቻለሁ አወርደዋለሁ ስላልኩ ጊዜ ሰጡኝ። ከዚያ የእህቴ ልጅ፣ ጎበዝ ነው እሱ፣ "አጎቴ ውስጥ እናድርገው፣ መስታወቱ ጀርባ፣ ውስጥ ያለ ምን አገባቸው" አለኝ። አደረግነው። ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ከውጭ እስከታየ ድረስ ታፔላ ነው ይላል ሕጋቸው፣ ለመስኮት ደግሞ የራሱ ልክ አለው፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ውስጥ መሆኑ አያድነውም። ያኔ ነው ያፈርኩት።

ስለ አማርኛው ልንገርሽ ደግሞ፣ ይሄንን ማንም አይነግርሽም። እነዚህ ፓነሎች አንዱ ቁመቱ 16 ነጥብ ብቻ ነው፣ ለእንግሊዝኛ ይበቃል፣ ለኛ ፊደል አይበቃም። እግሩና ቀለበቱ ይጠፋል፣ የኔ "ክትፎ" ከሩቅ "ከትፎ" ነበር የሚለው፣ ሰው እየሳቀ ነው የሚገባው። ሶፍትዌሩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለም እንደ ፎቶ አድርገሽ ነው የምታስገቢው፣ ዋጋ በቀየርሽ ቁጥር።

በመጨረሻ ያደረግኩት፣ ላይሰንስና ኢንሹራንስ ያለው የታፔላ ድርጅት ቀጠርኩ፣ ፐርሚቱን ራሳቸው አወጡት፣ ከውስጥ የሚበራ ፊደል ሠሩልኝ፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም አለበት፣ ከበሩ በላይ ለታፔላ ተብሎ የተተወ የኤሌክትሪክ መስመር አስቀድሞ እንደነበረ ያወቅኩት ያኔ ነው (አንቺም ጋ ፈልጊው፣ ኮዱ ያስገድዳል፣ አብዛኛው ሱቅ አለው)። ወደ 5,200 ዶላር ወጣብኝ፣ ከጥያቄ እስከ መብራት ሁለት ወር ተኩል ፈጀ፣ ስለዚህ ኦፕኒንግሽ ለእንቁጣጣሽ ከሆነ አሁን ነው መጀመር ያለብሽ። እስከዚያው ጊዜያዊ ባነር ይፈቀዳል ወይ፣ ለስንት ቀን፣ ብለሽ በዚያው ጠይቂ፣ ፐርሚት እሱም ሊፈልግ ይችላል። መንገድ ዳር ሣር ላይ ግን ምንም እንዳትተክዪ፣ እሱ የስቴቱ መሬት ነው፣ በአንዱ 100 ዶላር ነው።

ቦርዱ እስከ ዛሬ ቤዝመንት ውስጥ አለ፣ ልጆቹ ለልደት ያበሩታል። አድራሻሽን እዚህ አትለጥፊው፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝና ሲቲ ትሁኚ ካውንቲ ካርታው ላይ አብረን እናየዋለን፣ ከሰኞ ውጪ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው የማገኝሽ።