መልስ፦ ሁሉም ስልክ ላይ እያለ የማጣቀሻ ክፍል ባለሙያ ምን ይሠራል?

ወዳጄ፣ ጉግል እያለ የቤተ መጻሕፍት ማጣቀሻ ክፍል ባለሙያ ምን ያደርጋል ብለህ ለጠየቅከው፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን በዚሁ ሥራ ላይ ነኝና የማየውን ልንገርህ።

በቀደም አንዲት ተማሪ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዞች ጋር የተዋዋሉትን ውል ስትፈልግ ሁለት ቀን ደክማ መጣች። አንዱ ገጽ 1834 ይላል፣ ሌላው 1841። «አንዱ ተሳስቷል» አለችኝ። አልተሳሳተም፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስሙንም በ«ሣ» ብቻ ነበር የጻፈችው። በ«ሳ»ም፣ «ስላሴ» እያልንም ሞከርን። የዚያ ዘመን ፈረንጆች ሸዋን «ሾአ» ብለው ይጽፉ እንደነበር ነግሬያት በላቲን ፊደል እንደዚያ ስትጽፈው፣ ውሉን ሊዋዋል ወደ አንኮበር ስለመጣው የእንግሊዙ የካፒቴን ሃሪስ ልዑክ የሚያወራው ሁሉ ተዘረገፈላት። ፊቷ ሲበራ ብታይ!

አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ይጠቅሳል። ተማሪው አምኖ ይዞት ይመጣል፤ መጽሐፉ በዓለም ላይ እንደሌለ አጣርቶ መንገር የእኛ ሥራ ሆኗል። ይኼ በጣም ያሳስበኛል።

ብቻ የጠፋብህ ነገር ካለ፣ የፈለግክባቸውን ቃላት በወረቀት ጽፈህ ና፤ ከዚያው እንጀምራለን።