ጌም እየሠራ ቪዲዮ አረንጓዴ ሲሆን
ጤና ይስጥልኝ። ጌም ያለ ችግር እየሠራ፣ በክሮም ዩቲዩብ ሲከፍቱ ግን ድምፁ እየቀጠለ ምስሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ኢንተርኔቱን አልጠረጥርም፤ መስመር ሲደክም የሚታየው የምትሽከረከረው ክብ እንጂ የተበላሸ ቀለም አይደለም። በግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ቪዲዮን የሚፈታው ክፍል ጌሙን ከሚስለው የተለየ በመሆኑ፣ ጌሙ መሥራቱ ብቻውን ካርዱንም ሆነ ድራይቨሩን (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ነፃ አያወጣም። ካርዱን ኦቨርክሎክ አድርገውት (ከተሠራለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አስተካክለውት) ከሆነ አስቀድመው ወደ ፋብሪካ ፍጥነቱ ይመልሱት። ከዚያ በክሮም ሴቲንግ፣ ሲስተም በሚለው ሥር፣ ቪዲዮ የመፍታቱን ሥራ ለካርዱ የሚሰጠውን የግራፊክስ አክስለሬሽን ማብሪያ ያጥፉና ክሮምን ዘግተው ይክፈቱት። ምስሉ ከተስተካከለ የድራይቨሩ ችግር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው አዲሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ ይጫኑ። በመጨረሻ ማብሪያውን መልሰው እንዲያበሩት አደራ እላለሁ፤ ጠፍቶ ከቀረ ሥራው ሁሉ በሲፒዩው (በኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ላይ ይወድቅና ባለ 4ኬ ቪዲዮ ሊቆራረጥ ይችላል።