የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ለገዛኸው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «ከምን አለሽ ተራ የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ገዝቻለሁ። ለትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የሚያበራ ጋዝ) ላሳይበት ነው። ችግር ቢፈጠር ብሬከሩ ይወርዳል አይደል?» ብለህ ጠይቀሃል። አይወርድም። ሌላውን ባታነበው እንኳ ይቺን ያዝልኝ።

1. ያ ዕቃ 220 ቮልት ተቀብሎ 2000 ቮልት አካባቢ ያወጣል። ውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፣ የመግቢያና የመውጫ፤ ብሬከሩ የሚያውቀው የመግቢያውን ብቻ ነው። በመውጫው በኩል ሰው ሲያዝ ለእሱ ምግብ እየሞቀ ነው። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው ዘመናዊው ዓይነት ቢኖርህም አያድንህም፤ ሁለቱ ጥቅሎች በሽቦ አይገናኙማ። ልብን ለማዛባት የአምፔር አንድ አስረኛ ይበቃል፤ ይሄ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ሌላም አለ። አየርን ለመስበር ለአንድ ሚሊሜትር 3000 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዩቲዩብ እንደምታየው ሳይሆን ብልጭታው ከሩቅ አይዘልልህም። ሰው ሽቦውን ላቀራርብ ብሎ እጁን የሚያስገባው በዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ ሲያቃጥሉ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እዚያ ያለው የእንጨት ቀራጮች ማኅበርም በዝግጅቶቹ ላይ እንዳይታይ ከልክሏል።

2. ከማይክሮዌቭ የሚወጣውን ካፓሲተርም (ቻርጅ የሚያጠራቅመውን ዕቃ) ከገዛህ አትንካው። ሶኬቱ ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል። አብዛኞቹ ውስጣቸው ቻርጁን የሚያፈስ ሬዚስተር አላቸው፣ እሱ ግን ሊበላሽ ይችላል። እኔ በጥገና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬም አላምነውም።

3. ይልቅ ፕላዝማ ቦል ግዛ፣ ውስጡ ብልጭታ የሚጫወትበትን የመስታወት ኳስ፣ በዩኤስቢ የሚሠራውን። የእህቴ ልጅም እንዳንተ ማይክሮዌቭ ካልፈታሁ ብሎ ነበር። ኳሱ ውስጥ እንደ ኒዮንና አርጎን ያሉ ጋዞች አሉ። ቮልቴጁ በሺህ ይቆጠራል፣ ከረንቱ ግን ኢምንት ነው። ልጁ «ይሄማ መጫወቻ ነው» ብሎ አኮረፈ። የተቃጠለ ፍሎረሰንት አምጥቼ አጠገቡ ስይዝለት ግን አፉን ከፈተ። በራ! ሽቦ የለ፣ ባላስት የለ፣ ስታርተር የለ። ፊላመንቱ (ጫፉ ላይ ያለው ቀጭን ሽቦ) ቢበጠስም ግድ የለውም፤ የሚያበራው ውስጡ ያለው ጋዝ ነው። ቱቦውን መሃሉ ላይ ስትይዘው ደግሞ ብርሃኑ እጅህ ጋ ደርሶ ይቆማል። እጅህን ስታንሸራትት ተከትሎህ ይሄዳል። በልጁ ትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ዳኞቹ የወደዱት ይሄን ነው።

4 ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን የንብረት ክፍሉን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የልጁ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ኒዮንና ሂሊየም የታሸገባቸው የመስታወት ቱቦዎች አሉ። ካርቶናቸው እንኳ አልተከፈተም። ከኳሱ አጠገብ ቢያዙ እያንዳንዱ በራሱ ቀለም ይበራል፤ ኒዮኑ ብርቱካናማ ቀይ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ጠየቁ፤ «ሞዴል 22 ይሞላ» ተባለ፣ የዕቃ ማውጫ ቅጹ። ተሞላ። «ማኅተም የለውም።» ማኅተም ተመታ። «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» እኔ እከፍላለሁ ብዬ ቆምኩ። ሰውዬው ቀና ብሎም ሳያየኝ «አንተ እዚህ ማን ነህ?» አለኝ። ለተማሪ የተገዛ ዕቃ ተማሪ ካላየው ለማን ነው? ለአይጥ? በመጨረሻ ያዳኑን የግቢው ዘበኛ ናቸው። ከየክፍሉ የወረዱ የተቃጠሉ ፍሎረሰንቶች ሰጡን፣ በነፃ። በዕለቱ ከእኛ ጠረጴዛ በላይ ሰልፍ የነበረው አልነበረም። ያ ሰውዬም መጥቶ በስልኩ ቪዲዮ ሲቀርጽ ነበር።

ስልክ ካልኩ አይቀር፣ ስልክም ላፕቶፕም ኳሱ ላይ አታስጠጋ። የልብ ማሽን የተገጠመለት ሰው ካለ ራቅ ብሎ ይይ። ኳሱ ላይ ሳንቲም ወይም ፎይል የሚያስቀምጥ ጉረኛ አይጠፋም፤ እጅ ያቃጥላል፣ ከልክለው። ፍሎረሰንቱ ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ ከተሰበረ መስኮት ክፈቱና ልጆቹን አስወጣቸው። ቱቦ የምትፈልግ ከሆነም ከአሁኑ በደብዳቤ ጠይቅ፣ በቀጥታ ለርዕሰ መምህሩ። ንብረት ክፍል በቃል አትሂድ።

ትራንስፎርመሩን መልሰው ከተቀበሉህ መልስላቸው። ካልሆነ ለቁራሌው ሽጠው። ከመደራደርህ በፊት ግን ጥቅሉን ጫር አድርገህ እይ፤ ብዙዎቹ አዲሶች መዳብ ሳይሆኑ አሉሚኒየም ናቸው፣ ዋጋቸው ያንሳል።