የአንባቢያን ጥያቄ፦ እጥፍ የሆነው የሆፕ ክሮሞዞም ለምን ተመልሶ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ውስጥ በአነስተኛ የቲሹ ካልቸር (ከተክል ቁራጭ በብልቃጥ ውስጥ ችግኝ የማሳደግ) ላብራቶሪ የሆፕ (የቢራ ጌሾ) ችግኝ እናባዛለን። ክሮሞዞሙን እጥፍ ለማድረግ ባለ እንቡጥ አንጓዎችን 0.05 በመቶ ኮልቺሲን (የህዋስ ክፍፍልን የሚያግድ መርዛማ ኬሚካል) ባለው ፈሳሽ ሚዲያ (የችግኝ ምግብ) ለ48 ሰዓት ነከርን። ብዙዎቹ ጠቁረው ሞቱ፤ አንዳንዱ ሚዲያም ደፈረሰ። የተረፉት ቅጠላቸው ወፍራም፣ ስቶማታቸውም (የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ) ትልቅ ነበር። ደጋግመን ስናባዛቸው ግን እንደ ድሮው ሆኑ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ መጠኑና ሰዓቱ ለሆፕ ጥሩ መነሻ ነው፤ የጎደለው ከመንከሩ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ኮልቺሲን የሚይዘው በዚያ ሰዓት በመከፋፈል ላይ ያለውን ህዋስ ነው። ክሮሞዞሙ ይባዛል፣ ጎትተው የሚለያዩት ክሮች ግን ስለማይሠሩ 20 የነበረው እዚያው ህዋስ ውስጥ 40 ሆኖ ይቀራል። በዚያው እንቡጥ ሳይከፋፈል ያለፈው ህዋስ 20 እንደያዘ ይቆያል፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፋፈልም ውሎ አድሮ ባለ 40ውን ይውጠዋል። በእጃችሁ የነበረው ድብልቅ ተክል ነው።

ስቶማታን አትመኑ። የእንቡጥ ጫፍ ሦስት ንብርብር አለው፤ ስቶማታ የሚነግራችሁ የላይኛውን ብቻ ነው። ለማዳቀል የሚያስፈልገው የአበባ ዘር ግን ከሁለተኛው ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን አንጓ ቁጥር ስጡት፤ ከእሱ የወጣውን ቡቃያ አንጓ በአንጓ ቆርጣችሁ ለየብቻ አሳድጉ፣ መስመሮቹን ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ፍሎው ሳይቶሜትር (በህዋስ ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ መጠን የሚለካ መሣሪያ) የሚገኝበት ላብራቶሪ ካለ የቅጠል ናሙና ላኩ፤ ግራፉ ሁለት ጫፍ ካሳየ ድብልቅ ነውና ቆረጣው ይቀጥል። ካልተገኘ ደግሞ የስር ጫፍ ቁረጡ፣ በሦስት እጅ አልኮልና በአንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ለ24 ሰዓት አቆዩ፣ ቀለም ነክራችሁ ክሮሞዞሙን በማይክሮስኮፕ ቁጠሩ። አንድ ስር አይበቃም። ይህ አሰልቺ ቆጠራ ነው የሥራው ልብ።

ለጠቆሩት፦ ያለ ኮልቺሲን በዚያው ፈሳሽ 48 ሰዓት የሚነከሩ አንጓዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። እነሱም ከሞቱ ገዳዩ አየር ማጣት ነውና ብልቃጡን በዝግታ አንቀጥቅጡ። እነሱ ድነው የታከሙት ብቻ ከሞቱ ወደ 24 ሰዓት ወይም ወደ 0.025 በመቶ ውረዱ። የ0.05 በመቶ ልኩ በ100 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉት፤ ብርሃን ስለሚያበላሸው ብልቃጡን በፎይል ሸፍኑ። ስታወጡ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡ።

ሚዲያው የደፈረሰው ከአውቶክሌቩ (በእንፋሎት ጀርም ከሚገድለው መሣሪያ) ሊሆን ይችላል። በባሕር ጠለል 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሰጣል፤ በእናንተ ከፍታ ግን የሚሰጠው 117 ያህል ብቻ ነው። 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 መድረስ አለበት። መሣሪያው ያን ካልቻለ 15 ደቂቃውን ወደ 40 አራዝሙ።

ንጹሕ ባለ 40 ሴት ተክል ስታገኙ ከባለ 20 ወንድ ጋር አዳቅሏት፤ ልጆቹ ባለ 30፣ ዘር የማይዙ ለማለት የሚቻሉ ይሆናሉ። በ1976 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዊላሜት የተባለው ዝርያ በዚሁ መንገድ የተገኘ ነው።

ኮልቺሲን ጥቂቱም ይገድላል። ስትመዝኑ ጓንትና ጭምብል አድርጉ፤ የተረፈውንና የመጀመሪያውን እጣቢ በተለየ ምልክት ባለው ጠርሙስ ሰብስቡ እንጂ ወደ ፍሳሽ አትድፉ።