የቀለጠ ድኝና ብርጭቆ ድኝ፦ ስለ ድምፅ ፍጥነት ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ጥያቄያችሁን አቅርቡ። ድግግሞሹና የናሙናው የሙቀት ታሪክ (እንዴት እንደሞቀና እንደቀዘቀዘ) ያልተጻፈበት የፍጥነት ቁጥር ግን አልመለከትም።

ጥያቄ፦ ድኝ 159 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። በ5 ሜጋኸርዝ የለካሁት ፍጥነት ግን ምንም አልዘለለም። መሣሪያዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያህ ደህና ነው። እንደቀለጠ ድኙ በአብዛኛው ስምንት ስምንት አቶም ያላቸው ቀለበቶች ነው፤ በ159 አካባቢ ቀለበቶቹ ተከፍተው ረጃጅም ሰንሰለት ይሠራሉ። ዝልግልግነቱ በ157 ገደማ 0.007 ፓስካል ሴኮንድ የነበረው በ187 ገደማ 93 ይደርሳል፤ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ድምፅ ግን የሚታዘዘው ለግትርነት ነው። የፍጥነቱ ካሬ የሚገኘው የመጨመቅ ሞዱለስ (ለመጨመቅ ያለው ግትርነት) ላይ የሸር ሞዱለስን (ቅርፁ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ያለውን ግትርነት) አራት ሦስተኛ ደምረህ ለእፍጋት ስታካፍል ነው። እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.8 ግራም፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 1.3 ኪሎሜትር ስለሆነ የመጨመቁ ድርሻ 3 ጊጋፓስካል ያህል ይወጣል። የተጠላለፉት ሰንሰለቶች የሚሰጡት የጎማ ግትርነት አንድ ሜጋፓስካል ነው ብንል እንኳ ፍጥነቱን የሚነካው በ0.02 በመቶ ነው። ስለዚህ በ159 ዝላይ አትጠብቅ፤ ፍጥነቱ ከሙቀት ጋር የሚሠራውን መስመር ዝንባሌ ተመልከት።

ሪላክሴሽኑም (ፈሳሹ ከተነካ በኋላ ወደ ሚዛኑ የሚመለስበት ሂደት) አንድ አይደለም። የሰንሰለቱ ትንንሽ ክፍሎች በፒኮሴኮንድ ይንቀሳቀሳሉ። ሙሉው ሰንሰለት ከጥልፍልፉ ለመውጣት ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። የቀለበትና የሰንሰለት ኬሚካዊ ሚዛን ደግሞ በ160 አካባቢ ደቂቃዎች፣ በ120 ሰዓታት ይወስዳል። 5 ሜጋኸርዝ በደንብ የሚያየው 32 ናኖሴኮንድ አካባቢ ያለውን ሂደት ነው። በ532 ናኖሜትር ሌዘር ወደኋላ የሚበተነውን ብርሃን የሚለካ የብሪሉዋን መሣሪያ (የድምፅ ሞገድን ከብርሃን መበተን የሚያነብ) 9 ጊጋኸርዝ ገደማ ላይ ስለሚሠራ የሚያየው 17 ፒኮሴኮንድ አካባቢ ያለውን ነው። ሁለቱ ቁጥር ቢለያዩ አንዱ ውሸታም ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ድግግሞሹን ጻፉ የምለው።

ተከራካሪ «ቀለበት»፦ የ159ኙ ለውጥ እኮ የሁለተኛ ደረጃ የፌዝ ሽግግር (የቁስ ሁኔታ ለውጥ) ነው፤ ይህን ሳትጠቅስ ማለፍህ ገረመኝ።

ተከራካሪ «ሰንሰለት»፦ የምን ሽግግር? ቶቦልስኪና አይዘንበርግ በ1959 በተራ የኬሚካል ሚዛን አስረድተውት የለ እንዴ!

ቀለበት፦ ሰንሰለቱ የሚጀመርበት እርምጃ የሚዛን ቁጥር ወደ ዜሮ ሲጠጋ የእነሱም ቀመር ስል ስብራት ይሰጣል። ያ ሽግግር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ፤ ለለካው ሰው ግን አንዳችሁም አልጠቀማችሁትም። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ከመጽሐፉ አይገጥምም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ውጤት? በስንት ዲግሪ? በስንት ድግግሞሽ? ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ድምፁን የሚልከውንና የሚቀበለውን ክሪስታል ድኙ ውስጥ ልንከረው?

መልስ፦ አትንከረው። የኳርትዝ ብርጭቆ ዘንግ አስገባ፤ ክሪስታሉ ከላይ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ይቀመጥ። ከዘንጉ ወደ ድኙ ሲሻገር 70 በመቶ ያህሉ የግፊት ሞገድ ይመለሳል፤ ቢሆንም የቀረው ይበቃል። 10 ሚሊሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 15 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ስለሚሆን ለ0.1 በመቶ ትክክለኛነት ጊዜውን በ15 ናኖሴኮንድ ውስጥ መያዝ አለብህ። መዳብና ብር አታስጠጋ፣ ድኙ ይበላቸዋል። ርቀቱ ከሙቀት ጋር መለጠጡንም አስላ።

ጥያቄ፦ ከዳሎል የመጣ ድኝ አለኝ፤ ለልኬት ይሆናል?

መልስ፦ እንዳለ አይሆንም። እዚያ ቢጫ የሆነ ሁሉ ድኝ አይደለም፤ ጨውና የብረት ውህድም አለበት። የኦርጋኒክ ቆሻሻ ካለ ደግሞ ሲሞቅ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል፤ እሱም የሰንሰለቶቹን ጫፍ ዘግቶ ዝልግልግነቱን ይጥላል። ጋዙ መርዝ ነው፣ አፍንጫንም ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብለህ አትመን። ጢስ መሳቢያ ከሌለህ አትጀምር።

ጥያቄ፦ ብርጭቆ ድኝ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ በአርጎን ውስጥ እስከ 200 ዲግሪ አሙቀህ ሚዛኑን ጠብቅ፤ ከዚያ በቀጭን ጅረት የበረዶ ውሃ ውስጥ አፍስስ። በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ብታፈሰው ዙሪያውን የጋዝ ሽፋን ይፈጠርና ቅዝቃዜው ይዘገያል። ከበረዶ ውሃው የሚወጣው ገና የሚለጠጥ ነው፤ ብርጭቆ የሚሆነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ስለሆነ ፈጥነህ ወደ ደረቅ በረዶ አስተላልፈው። የሸር ሞገድ በአልትራሳውንድ በግልጽ የምታገኘውም ያኔ ነው። ክፍል ሙቀት ውስጥ ከተውከው በቀናት ይደርቅና ክሪስታል ይሆናል፤ ያንን ለክተህ «ብርጭቆ» እንዳትለኝ። ሌላው፣ በካርቦን ዳይሰልፋይድ ቀለበቶቹን ካጠብክ የቀረው ፖሊመር የመስታወት ነጥቡ (ብርጭቆ የሚሆንበት ሙቀት) ወደ 75 ዲግሪ ይወጣል። የሙቀት ታሪክ ጻፉ ስል ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ዝልግልግነቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ለምን...

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ የብርጭቆ ቱቦዬ ድኙን ዳግም ሳቀልጥ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ ከታች ስለምታሞቅ ነው። ድኝ ሲቀልጥ ይሰፋል፤ ከላይ ጠጣር ክዳን ካለ መውጫ ያጣል። ከላይ ወደ ታች አቅልጥ። እሳት ከያዘው ክዳን ድፋበት ወይም አሸዋ አልብሰው፤ የውሃ ጅረት እንዳትለቅበት። የሚወጣው ጢስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ጢስ መሳቢያ ብያለሁ።