ኪኒኑ ሠርቶ ሺፈራው ተመሰገነ

እህቴ፣ «እናቴ የግፊት ኪኒኗን ትታ የሺፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ልትወስድ ነው፤ የሞከረ ሰው አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሞክሬዋለሁ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ግፊት እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ከኮንሶ የመጣ ጎረቤቴ አንድ ፌስታል የደረቀ ሺፈራው ሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት እንደ ሻይ እያፈላሁ መጠጣት ጀመርኩ፤ ኪኒኑን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ስለካ 130 በ85! ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። አንድ ጓደኛዬማ የራሱን ኪኒን ሊጥል ደርሶ ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዓሣ በልቼ ስመለስ አንድ ፋርማሲ ጎራ ብዬ ተለካሁ። 178 በ108። ራሴን አላመመኝም፣ አላዞረኝም፣ ምንም። ባለሙያዋ ማሽኑን ተጠራጥራ ደግማ ለካችኝ። ያው ነው።

ነገሩን የፈታልኝ ሐኪሜ ነው። አምሎዲፒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ደም ውስጥ ያለው በግማሽ እስኪቀንስ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ግፊቴን ይዞልኝ የነበረው የተውኩት ኪኒን ትራፊ ነው። ምስጋናውን ሺፈራው ወሰደ። «ተውኩት፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ስሰማ አሁን የምጠይቀው ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ነው።

ቅጠል ውስጥ ምንም የለም እያልኩሽ አይደለም። የሺፈራው ቅጠል ጭማቂ እዚሁ አገራችን በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ተሞክሮ ግፊት አውርዷል። ግን ለእንስሳው የሚሰጠው ተመዝኖ ነው፤ እኔ በእፍኝ ነበር የምዘግነው። ከርከዴ የሚባለው ቀይ የአበባ ሻይ ደግሞ በሰው ላይ ተሞክሯል። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 65 ሰዎች ተካፍለው ነበር። በቀን ሦስት ኩባያ ለስድስት ሳምንት የጠጡት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ7 ነጥብ ገደማ ወረደ። ጥሩ ነው። ግን ሰዎቹ ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ፣ መድኃኒት ያልጀመሩ ነበሩ። ከ178 ላይ 7 ቢቀነስ ያው 171 ነው።

ነጭ ሽንኩርትም ግፊት ያወርዳል የሚባልለት አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገሩ የሚፈጠረው ሲፈጭ ወይም ሲቀጠቀጥ ነው። ሳይነካ እንዳለ ከተቀቀለ ብዙም አይፈጠርም። እናትሽ አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ አብዝተው ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ፤ ነጭ ሽንኩርትም ደም ያቀጥናል።

ደግሞም ከተክል የተገኘ የግፊት መድኃኒት አለ። ሬዘርፒን ይባላል። ሕንዶች ለዘመናት ሲጠቀሙበት ከኖሩት ሥር በ1952 እ.ኤ.አ. ተነጥሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በሚሊግራም ተለክቶ ይሰጥ ጀመር። እሱም ቢሆን አንዳንዱን ሰው ድብርት ውስጥ ይከት ነበር።

የራሴን ጉድ ልጨምርልሽ። ያኔ ከሰዓት ከሰዓት ጫት እቅም ነበር። ጫትም ተክል ነው፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ግፊት ይሰቅላል። ጠዋት በቅጠል ላወርድ፣ ከሰዓት በቅጠል ልሰቅል!

የእናትሽን ኪኒን ስም አልጻፍሽም። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ከሆነ በድንገት ማቆም ለልብ አደገኛ ነው፤ እነዚህ ቀስ እየተባለ በሐኪም ነው የሚቀነሱት። ሺፈራውን ከወደዱት ከኪኒኑ ጋር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ካላችሁ ቡና ሳይጠጡ፣ አምስት ደቂቃ አረፍ ብለው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው ይለኩና ቁጥሩን ጻፉት። ለሐኪሙም የሚጠቅመው እሱ ነው።

እኔ ወደ አምሎዲፒኔ ተመልሻለሁ። ሺፈራውንም አልተውኩትም፤ ጎረቤቴ ቤት ኩርኩፋ የሚባለው የኮንሶ ምግብ በተሠራ ቀን እንደ ጎመን እበላዋለሁ።