መልስ፦ ያው ብልጭታ አንዴ ታይቶን አንዴ የሚያመልጠን ለምንድነው?

"ብርሃኑ ሁሌም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዳንዴ ለምን ያመልጠኛል?" ላልከው፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም ወንድሜ። አንጎል ምስል እስኪመጣለት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የራሱ ምት አለው። ከጭንቅላታችን በስተኋላ ባለው የእይታ ክፍል አልፋ የሚባል የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ይመላለሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1929 እ.ኤ.አ. ስለሱ ጽፏል፤ ዓይንህን ስትጨፍን ደግሞ ይጎላል። እና ብልጭታው ሊመጣ ሲል አልፋው በርትቶ ከጠበቀው፣ በተለይ ብልጭታው ደብዘዝ ያለ ከሆነ፣ "አላየሁም" የማለት ዕድልህ ይጨምራል። ደማቅ መብራት ከሆነማ ምንም አያመጣም፣ ታየዋለህ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፦ አልፋ ሲበረታ እይታችን ራሱ ደክሞ ነው ወይስ "አየሁ" ለማለት ቁጥብ ሆነን? አንዳንድ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ወደ ሁለተኛው ያደላሉ፣ እኔም እንደዛ ይመስለኛል።